ኮምቦልቻ ላይ ለ18 ሜትር ጉድጓድ የሚሆን ፓምፕና ፕሬዠር ታንክ ስለመምረጥ

ቦርከና ማዶ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከረማችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ሠርቼ ባለፈው ወር ገብተናል። እኛ ስድስት ነን፤ ከጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች ደግሞ ሦስት ተከራዮች አሉ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚደርሰን በግቢው ጥግ በእጅ ያስቆፈርነውን ጉድጓድ እንጠቀማለን። ጥልቀቱ 18 ሜትር፣ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከ20 ነው፤ ውሃው ዛሬ ላይ ከአፉ 13 ሜትር ወርዶ ይገኛል። እስካሁን በገመድና በባልዲ ስለምንቀዳ የልጆቹም የእኔም ትከሻ አልቋል።

አንድ የዕቃ መደብር ገብቼ ሳማክር ያሳዩኝ ባለ 1.5 የፈረስ ጉልበት፣ ከላይ የሚቀመጥ፣ ባለ 24 ሊትር ፕሬዠር ታንክ አብሮ የተገጠመለት ፓምፕ ነው። «ሶኬት ላይ ሰክተህ መጠቀም ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም» አሉኝ። ጉልበቱ ይበቃል ወይ? 24 ሊትሩስ ለዘጠኝ ሰው አያንስም? ባለ 100 ሊትሩን ብገዛ ይሻል ይሆን? ብሩን ከመክፈሌ በፊት በነገሩ ያለፈ ሰው ቢመክረኝ ደስ ይለኛል።

የቧንቧ ሰው

አብሽር ወንድሜ፤ ገና ስላልገዛህ የተበላሸ ነገር የለም። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በዚህ ሥራ ፀጉሬ ሸብቷልና እንደ ታላቅ ወንድም ልንገርህ። ያሳዩህ ፓምፕ ለሌላ ሥራ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ከአንተ ጉድጓድ ግን አንዲት ጠብታ አያወጣም። 1.5 ቀርቶ 5 የፈረስ ጉልበት ቢሆንም አያወጣም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከላይ የተቀመጠ ፓምፕ ውሃን በገመድ እንደሚጎትት ሰው አድርገን እናስበዋለን፤ እሱ ግን የሚያደርገው በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማሳሳት ብቻ ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በጉድጓዱ ውስጥ በውሃው ፊት ላይ የተጫነው አየር ነው። የአየሩ ክብደት የተወሰነ ስለሆነ ውሃው የሚወጣበት ከፍታም የተወሰነ ነው። እኔ ከልምድ የማውቀው ኮምቦልቻ ላይ ውሃው ከፓምፑ ከስድስት ሜትር በላይ ከራቀ ፓምፑ መንጫጫት ይጀምራል፤ ያንተ ደግሞ 13 ሜትር ነው።

ይህን ያልተረዱ ሰዎች አንድ ትልቅ ስሕተት ሲሠሩ ስላየሁ ሳልናገር አላልፍም። ፓምፑ አልስብ ሲላቸው ጉድጓዱ ውስጥ እርከን አበጅተው ፓምፑን ወደ ታች ያወርዱታል። የኤሌክትሪክ ከሆነ ክረምት ውሃው ከፍ ሲል ይሰጥማል፤ ሊጠግን የወረደውንም ሰው ኤሌክትሪኩ ሊገድለው ይችላል። በቤንዚን የሚሠራ ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው፤ ጭሱ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚታፈን የወረደ ሰው ሳይታወቀው ያሸልባል፤ ሊያወጣው የወረደም አብሮት ይቀራል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ ጭሱ ቶሎ አይወጣም። የቤንዚን ሞተር ወደ ጉድጓድ በምንም ምክንያት አይውረድ።

ለአንተ የሚሆነው ውሃው ውስጥ ገብቶ ከታች ወደ ላይ የሚገፋው ጠላቂ ፓምፕ፣ ገበያው ሰብመርሲብል የሚለው ነው።

መምህር ከሆጤ

ጋሼ ከልምድ የተናገሩትን በቁጥር ልደግፈው። በባሕር ጠለል ላይ አየር ውሃን 10.3 ሜትር ያህል መግፋት ይችላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ኮምቦልቻ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 1,850 ሜትር ያህል ከፍ ብለን፣ ይህ ቁጥር ወደ 8.3 ሜትር ይወርዳል። 2,500 ሜትር ላይ በምትገኘው ደሴያችን ደግሞ ወደ 7.6 ሜትር ዝቅ ይላል። ከዚህ ላይ ፓምፑ ራሱ ያለ ጩኸት ለመሥራት የሚፈልገው ሁለት ሜትር ገደማ፣ እንዲሁም የቱቦውና የፉት ቫልቩ (በቱቦው ጫፍ ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው) ሰበቃ ሲቀነስ ኮምቦልቻ ላይ ከ5.5 እስከ 6 ሜትር፣ ደሴ ላይ ደግሞ 5 ሜትር ገደማ ይቀራል። ብዙ ፓምፖች ካርቶናቸው ላይ «8 ሜትር ይስባል» የሚል ጽሑፍ አለባቸው፤ ይህ የተጻፈው እንደ እኛ ጦሳ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው አይደለም።

ቦርከና ማዶ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ለካ ብሬን ጉድጓድ ልጥለው ነበር! እንግዲያው ያንኑ 1.5 የፈረስ ጉልበት በጠላቂ ፓምፕ ልግዛና ባለ 100 ሊትር ፕሬዠር ታንክ ልጨምርበት?

የቧንቧ ሰው

ቀስ በል፤ ጫማ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ እግሩን ይለካል። ጉድጓድህ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚያመነጭ ታውቃለህ? አታውቅም። ያን ሳታውቅ የገዛኸው ጉልበተኛ ፓምፕ በግማሽ ሰዓት ጉድጓዱን አድርቆ፣ ከሥሩ ጭቃና አሸዋ እየጠጣ፣ ያለ ውሃ ሲሽከረከር ማኅተሙን (ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የሚከለክለውን ሲል) ያቃጥላል። እኔ ጋ ለጥገና ከሚመጡት ፓምፖች ብዙዎቹ የሞቱት በዚህ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ቤቱን ሲሠሩ ግንበኞቹ የመሠረት ውሃ የሚያወጡባትን ትንሽ ጠላቂ ፓምፕ ለአንድ ቀን ተከራይ። ረጅም ገመድ ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርግበት፤ ጫፉ ላይ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ አፉን ወደ ታች ደፍተህ እሰር። ኩባያው ውሃውን ሲነካ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰጥሃል፤ በጨለማም ቢሆን አይሳሳትም። አሁን ያለውን ከፍታ ጻፍ፤ ከዚያ ውሃው ሁለት ሜትር ያህል እስኪወርድ ሳብ። ፓምፑን አጥፍተህ በየግማሽ ሰዓቱ ኩባያዋን እየላክህ ውሃው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደተመለሰ መዝግብ። በጉድጓድህ ስፋት እያንዳንዱ ሜትር 1,130 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ በሰዓት 10 ሳንቲ ሜትር ቢመለስ 113 ሊትር ገባ ማለት ነው።

ደግሞም ጊዜውን አስብ። አሁን ሚያዝያ ነው፤ በልግ ትንሽ ጥሏል። በልግ በቀረበት ዓመት ሰኔ መጀመሪያ ላይ ጉድጓዶች ሁለትና ሦስት ሜትር ሲወርዱ አይቻለሁ። ሒሳቡን መሥራት ያለብህ በዚያ ቀን ውሃ ነው፤ በመስከረሙ ውሃ አይደለም።

እናት ከሸዋ በር

እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም፤ ቢሆንም ገንዘቤ ስላስተማረኝ ልጻፍ። ደሴ ነው የምኖረው። ከሦስት ዓመት በፊት ግቢያችን ላለው ጉድጓድ ፓምፕና ባለ 24 ሊትር ፕሬዠር ታንክ አስገጠምን። ለስድስት ወር ያህል እንደ ከተማ ቧንቧ ሆነልን፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከዚያ አንድ ቀን ድስት ሳለቀልቅ ፓምፑ ጠቅ ብሎ ተነሣ፣ ጠፋ፣ ጠቅ ብሎ ተነሣ፣ ጠፋ። ቧንቧውን ትንሽ ከፍቼ ስተወው እንደ ልብ ምት ይመታ ነበር። በሳምንቱ ካፓሲተሩ (ሞተሩን ለማስነሣት የሚያግዘው ዕቃ) ተቃጠለ፤ አስቀየርነው። በወሩ ሞተሩ ራሱ ተቃጠለ። የመጣው ሠራተኛ «ጉልበቱ አንሶ ነው» ብሎ ከፍ ያለ ፓምፕ አስገዛን፤ እሱም ከአራት ወር በላይ አልቆየም።

በሦስተኛው የመጣው ገና ጢሙ ያላበቀለ ልጅ ነበር። ፓምፑን ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ወደ ታንኩ ሄደ፤ ከጀርባው ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን ፈታ። ለካ ከሥሯ እንደ መኪና ጎማ ያለ ቫልቭ ነበር። በቁልፍ ጫፍ ጫን ሲለው አየር መውጣት ሲገባው ውሃ ፊቱ ላይ ተረጨበት። «እማማ፣ ውስጡ ያለው የጎማ ፊኛ ተቀዷል፤ ታንኩ ታንክ መሆኑን ካቆመ ቆይቷል፤ ፓምፖቻችሁን የጨረሰው ይህ ነው» አለኝ። የሁለት ፓምፕ ዋጋ ከፍለን የጎደለን አንድ ጎማ ኖሯል። ስለዚህ እባክዎ፣ የትኛውንም ታንክ ቢገዙ አየሩን በየስድስት ወሩ ያስለኩ።

መምህር ከሆጤ

የእናታችን ታሪክ ፕሬዠር ታንክ ምን እንደሚሠራ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያስረዳል። ብዙ ሰው ታንኩን የውሃ ማጠራቀሚያ አድርጎ ስለሚያየው 24 ሊትር ታንክ 24 ሊትር ውሃ የሚሰጠው ይመስለዋል፤ ታንኩ ግን እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) ነው፤ ግማሹ አየር፣ ግማሹ ውሃ ሆኖ ፓምፑ በየደቂቃው እንዳይነሣ ማሳረፍ ነው ሥራው።

ከፋብሪካ ሲወጣ ፕሬዠር ስዊቹ (ግፊቱን አይቶ ፓምፑን የሚያስነሣውና የሚያጠፋው) ብዙውን ጊዜ በ1.4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) እንዲያስነሣ፣ በ2.8 ባር እንዲያጠፋ ተደርጎ ይመጣል። የታንኩ አየር ደግሞ ከማስነሻው በ0.2 ባር ያህል ዝቅ ማለት፣ ማለትም 1.2 መሆን አለበት። በዚህ አቋም በእኛ ከፍታ ሒሳቡን ስሠራው ፓምፑ ጠፍቶ እንደገና እስኪነሣ ታንኩ የሚሰጠው ውሃ የይዘቱን ሲሶ ያህል ነው፤ 24 ሊትሩ ስምንት ሊትር ተኩል፣ 100 ሊትሩ 35 ሊትር ገደማ ይሆናል። ትንሽ ሞተር አንዴ ከተነሣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሳይጠፋ መሥራት ይኖርበታል የሚለውን የተለመደ መመዘኛ ከወሰድን፣ በደቂቃ 30 ሊትር ለሚገፋ ፓምፕ 30 ሊትር የሚሰጥ ታንክ ያስፈልጋል፤ ይህም ከ85 እስከ 100 ሊትር ማለት ነው። ባለ 24 ሊትሩ ከእንዲህ ያለ ፓምፕ ጋር ሲጋባ በ17 ሴኮንድ ይሞላና ያጠፋዋል። የሞተር ዕድሜ በሰዓት ብቻ አይቆጠርም፤ በተነሣበት ቁጥርም ይቆጠራል፤ ምክንያቱም ሲነሣ የሚስበው ኤሌክትሪክ ሲሠራ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ነው።

አየሩን ስታስለኩ ፓምፑን አጥፍታችሁ፣ ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ካፈሰሳችሁ በኋላ መሆኑን አትርሱ፤ ውሃ እያለ የምታነቡት የውሃውን ግፊት ነው። የጎሚስታ ጌጅ ይበቃል፤ ቢያንስም በብስክሌት መንፊያ ይሞላል።

ቦሩ ሜዳ

በአክብሮት የተለየ ሐሳብ አለኝ። ጥያቄው ተንዛዛ። ወንድማችን ጠላቂ ፓምፕና ባለ 100 ሊትር ታንክ ይግዛ፤ አበቃ። እኔ እንዲያ አድርጌ አራት ዓመት ሆነኝ። ሻወሩ ላይኛው ፎቅም ቢሆን እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ልብስ ማጠቢያውም ሳይቆም ይሠራል። ጣራ ላይ ሮቶ ሰቅሎ ውሃ እንደ ጀበና ቡና በቀጭኑ ሲንጠባጠብ መጠበቅ የድሮ ነገር ነው።

እናት ከሸዋ በር

ልጄ፣ መብራት ሲጠፋስ? እኛ ጋ አንድ ጊዜ ከሐሙስ ማታ እስከ ቅዳሜ ጠፍቶ ያ 24 ሊትር ታንክ ስምንት ሊትሩን ከሰጠን በኋላ ጉድጓድ እያለን ከጎረቤት ውሃ ተበድረናል። የእርስዎ 100 ሊትርም ቢሆን 35 ሊትር ነው፤ ለሁለት ሰው መታጠቢያ እንኳ አይሆንም። ሮቶ ቢንጠባጠብም በጨለማ ይንጠባጠባል።

የቧንቧ ሰው

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ስለዚህ አላስታርቃችሁም፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስሬ ላሳያችሁ። እኔ በግሌ በዚህ አገር መብራትና በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ ጠላቂ ፓምፕን በቀጥታ ከፕሬዠር ታንክ ጋር ማገናኘት አልወድም። አንደኛው ምክንያት እናታችን የተናገሩት ነው። ሁለተኛው የጉድጓዱ ነገር ነው፤ ጠዋት ሰው ሁሉ ሲታጠብ ፓምፑ የሚሠራው ጉድጓዱ በፈለገው ፍጥነት ሳይሆን ቧንቧው በጠየቀው ፍጥነት ነው። በሰዓት 300 ሊትር የሚያመነጭን ጉድጓድ በሰዓት 1,800 ጠይቀው ማለት ነው። ሮቶ ካለህ ግን ጉድጓዱ ሌሊቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቮልቴጁ ደህና በሆነበት ሰዓት፣ በእርጋታ ወደ ላይ ትልከዋለህ። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስ 220 መሆን የሚገባው ቮልት 170 ሲነበብ አይቻለሁ፤ ሞተር የሚቃጠለው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው።

አቀማመጡ እንዲህ ይሁን። ጠላቂው ፓምፕ ወደ ሮቶው ብቻ ይገፋል። ሮቶው ውስጥ ያለው ፍሎት (ከውሃው ጋር የሚንሳፈፍ ማብሪያ ማጥፊያ) ሮቶው ሲሞላ ያጠፋዋል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሌላው ፍሎት ደግሞ ውሃው ሲያልቅ ያጠፋዋል። ከሮቶው የሚወርደው ቧንቧ ታችኛውን ፎቅ በራሱ ክብደት ይመግባል። አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ስለሆነ፣ ሮቶው ከታችኛው ቧንቧ በሰባት ሜትር ከፍ ካለ 0.7 ባር አለህ፤ ለወጥ ቤትና ለመጸዳጃ ይበቃል። የሚቸገረው ከሮቶው ሥር ያለው የላይኛው ፎቅ ሻወር ነው። ለእሱ ብቻ ከሮቶው መውጫ ላይ ትንሽ ከላይ የምትቀመጥ ፓምፕ ታስገባለህ። ውሃው ከላይ በራሱ እየወረደ ስለሚደርሳት የመሳብ ችግር የለባትም፤ ያ ባለ 24 ሊትር ታንክ ቦታው እዚህ ነው። የምትገፋው በደቂቃ 15 ሊትር ያህል ብቻ ከሆነ መምህሩ ያሉት ችግርም ይቃለላል፤ አንድ ደቂቃ ባይሞላም ለግማሽ ደቂቃ ትሠራለች።

አሁን ዋናዋን ነገር ስማ፤ ብዙ ሰው የሚረሳት እሷን ነው። ከዚያች ፓምፕ ጎን ማለፊያ ቧንቧ ሥራላት፤ መሐሉ ላይ ቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ይኑር። መብራት ሲኖር ቼክ ቫልቩ በግፊቱ ተዘግቶ ውሃው በፓምፑ ያልፋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማንም ቫልቭ ሳይነካ ውሃው በማለፊያው ወርዶ ይደርሳችኋል። ቦሩ ሜዳ የሚፈልገው ዝናብም፣ እናታችን የሚፈልጉት የጨለማ ውሃም በአንድ ቤት ይኖራሉ።

ቦሩ ሜዳ

ማለፊያዋን አላሰብኳትም ነበር። እጄን ሰጥቻለሁ፤ ጋሼ ያመስግኑኝ እንጂ አይሳቁብኝ።

ራያ ቆቦ

ከቆቦ ነኝ። የእኛ አገር ነገር ትንሽ ይለያል፤ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ለመስኖ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች በማሽን የተቦረቦሩ ናቸው፤ ፓምፖቻቸውም 380 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ ናቸው። ያን አይቶ ለቤቱ እንደዚያ ያለ ፓምፕ የሚፈልግ ሰው አጋጥሞኛል፤ ለመኖሪያ ቤት አያስፈልግም። ቤቱ ድረስ ሦስት ፌዝ ለማስገባት የሚወጣው ወጪ ብቻ ሌላ ሮቶ ይገዛል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 በእጅ የሚቆፈርን ጉድጓድ ያለ ፈቃድ መቆፈርና መጠቀም ይፈቅዳል፤ በማሽን ማስቦርቦር ያሰበ ሰው ግን ከመጀመሩ በፊት ስለ ፈቃዱ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ወንድማችን ሮቶ የሚሰቅል ከሆነ የፀሐይ ፓምፕንም ያስብበት። ባትሪ አያስፈልገውም፤ ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ቀስ እያለ ይገፋል፤ ሮቶው ራሱ ባትሪ ነው። ጉልበቱ ትንሽ መሆኑም ለደካማ ጉድጓድ በረከት ነው። የክረምቱ ደመና ሲጠና ብቻ ይሰንፋል፤ ያኔ ደግሞ ዝናቡ ራሱ አለ።

ቦርከና ማዶ

ሰላም ናችሁ? በተባልኩት መሠረት እሑድ ዕለት ለካሁ። የቆርቆሮ ኩባያዋ ነገር ልጆቹን በጣም ስላስደሰተቻቸው ቀኑን ሙሉ ተራ ሲጠባበቁ ዋሉ። ውሃው ከ13 ሜትር ጀምሮ ነበር፤ ወደ 15 ሜትር አወረድነው። በመጀመሪያው ሰዓት 35 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 28፣ በሦስተኛው 22 ሳንቲ ሜትር ተመለሰ። እየዘገየ የሄደው ለምን እንደሆነ ባላውቅም እንደ ጽሑፌ ይኸው ነው። ከጎረቤት ያሉ አዛውንት ደግሞ በአንድ ክፉ ዓመት ሰኔ ላይ የእነሱ ጉድጓድ 16 ሜትር መውረዱን ነግረውኛል። ከጉድጓዱ አፍ እስከ ሮቶው አናት ከፍታው 9 ሜትር፣ የቱቦው ርዝመት በጠቅላላው 40 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ፍረዱልኝ።

መምህር ከሆጤ

የዘገየው በጉድጓዱና በዙሪያው ባለው የከርሰ ምድር ውሃ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት እየጠበበ ስለሄደ ነው፤ ገፊው ሲቀንስ ገቢው ይቀንሳል፤ ጤናማ ምልክት ነው። በቁጥር ሲተረጎም የመጀመሪያው ሰዓት 395 ሊትር ያህል፣ ሦስተኛው 250 ሊትር ያህል ነው። ጉድጓዱ ጥሩ ነው፤ ግን ችኩል አይደለም። ክፉው ሰኔ ቢመጣ የሚቀረው ሁለት ሜትር ውሃ፣ ማለትም 2,260 ሊትር ነው፤ ከሥር ግማሽ ሜትሩ ለጭቃ ሲተው በአንድ ጊዜ መሳብ የሚቻለው 1,700 ሊትር ገደማ ይሆናል።

የቧንቧ ሰው

እንግዲህ አሁን እግርህ ተለክቷል፤ ጫማውን እንምረጥ።

ፓምፑ ማሸነፍ ያለበት ከፍታ፦ በክፉ ቀን ውሃው እየተሳበ ሲወርድ 17 ሜትር በለው፤ እስከ ሮቶው 9 ሜትር፤ ለቱቦው ሰበቃና ለመታጠፊያዎቹ 2 ሜትር፤ በጠቅላላው 28 ሜትር። 30 ሜትር ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ በቂህ ነው። ይህ ባለ 0.5 የፈረስ ጉልበት የሚሠራው ሥራ ነው፤ ከመጀመሪያው ሊሸጡልህ የነበረው ሦስት እጥፉ ነበር። ስትገዛ «ስንት የፈረስ ጉልበት ነው» ብለህ አትጠይቅ፤ ከላዩ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አሳዩኝ በልና 30 ሜትር በሚለው ሥር ስንት ሊትር እንደተጻፈ አንብብ። ሻጮች ጎላ አድርገው የሚጽፉት ትልቁን ከፍታና ትልቁን የውሃ መጠን ነው፤ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይገኙም። ትልቁ ከፍታ ላይ የሚወጣው ውሃ ዜሮ ነው።

ቱቦው ባለ 32 ሚሊ ሜትር ይሁን። በዚህ ቱቦ ውስጥ 20 ሊትር ሲያልፍ በ40 ሜትር ርዝመት የሚባክነው ከፍታ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለመቆጠብ ብለህ ባለ 20 ሚሊ ሜትር የቤት ውስጥ ቧንቧ ብትዘረጋ ግን 20 ሜትር ያህሉን ሰበቃው ይበላዋል፤ ፓምፑም ሮቶው አፍ ላይ ደርሶ ይቆማል።

አሁን በእጅ ለተቆፈረ ሰፊ ጉድጓድ ብቻ የሚያስፈልግ አንድ ነገር አለ፤ ያለ እሱ ፓምፑ ውሃ ውስጥ ሆኖ በሙቀት ይሞታል። ባለ 4 ኢንች ፓምፕ የተሠራው ለጠባብ ጉድጓድ ነው፤ ሞተሩ ከታች ነው፤ ውሃው ሲሳብ ሞተሩን እየታከከ ስለሚያልፍ ያቀዘቅዘዋል። ባለ 1 ሜትር ከ20 ጉድጓድ ውስጥ ግን ውሃው ከጎን በቀጥታ ወደ መሳቢያው ስለሚገባ ሞተሩ በቆመ ውሃ ውስጥ ይግላል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ባለ 125 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ እንደ እጀ ጠባብ አልብሰው፤ ከመሳቢያው በላይ ያለውን አፉን ድፈነው፤ የታችኛውን አፉን ከሞተሩ በታች ክፍት ተወው። ውሃው ተገዶ ከታች ይገባና ሞተሩን አጥቦ ያልፋል።

ፓምፑን ከጉድጓዱ ወለል ግማሽ ሜትር ከፍ አድርገህ በማይዝግ ገመድ አንጠልጥለው፤ በኤሌክትሪክ ገመዱ ፈጽሞ አታንጠልጥል። የመሬት ሽቦ እንዲኖረው፣ ቮልቴጅ ሲወርድና ሲወጣ የሚያጠፋ መከላከያም ከብሬከሩ ጎን እንዲገባ አድርግ። ሮቶው 2,000 ሊትር ይሁን፤ ለዘጠኝ ሰው በቁጠባ ሦስት ቀን ያቆያችኋል። ጣራህ የማይችለው ከሆነ ግን አትሞክር፤ ሲሞላ ሁለት ቶን ነው፤ መሐንዲስህን ጠይቅ።

እናት ከሸዋ በር

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አሁን ታንካችን ተቀይሯል፤ ነገር ግን ሌሊት ማንም ውሃ ሳይከፍት ፓምፑ በየሃያ ደቂቃው ይነሣል። ይህስ ምንድን ነው?

የቧንቧ ሰው

እትዬ፣ ውሃ በሆነ ቦታ ሾልኮ እየሄደ ነው። ከታንኩ ወደ ቤት የሚሄደውን ቫልቭ ማታ ይዝጉትና ይተኙ። ፓምፑ መነሣቱን ከተወ የሚያፈሰው ቤት ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ የመጸዳጃ ቤቱ ፍላሽ ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ ያፈሳል። ተዘግቶም የሚነሣ ከሆነ ውሃው ወደ ጉድጓዱ እየተመለሰ ነውና ቼክ ቫልቩ ተበልቷል።

እናት ከሸዋ በር

ፍላሹ ነው። ጠዋት ውሃው ላይ ትንሽ የሻይ ቅጠል በተንኩበትና ቅጠሉ ራሱን ችሎ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ዕድሜ ይስጥልኝ።

ቦርከና ማዶ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ባለ 0.5 የፈረስ ጉልበቱ ፓምፕ እጀ ጠባቡን ለብሶ ወርዷል። ሠንጠረዡን ስጠይቅ ሻጩ መጀመሪያ ግራ ገብቶት ነበር፤ ኋላ ግን ራሱም አብሮኝ ማንበብ ጀመረ፤ 30 ሜትር ሥር 22 ሊትር ይላል። ሮቶውን መሐንዲሱ ጣራው ላይ ስላልፈቀደልኝ ከቤቱ ጎን የብረት ማማ አሠርቼ ሰቀልኩት። ፓምፑ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሰዓት ቆጣሪ ተነሥቶ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይሠራና ያርፋል፤ ከዚያ በላይ አስኬጄው አላውቅም። ጠዋት ኩባያዋን ስልክ ውሃው ከማታው በ70 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ አገኘዋለሁ፤ ማታ ስመለስ ሞልቶ ይጠብቀኛል።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ልጄ ላይኛው ፎቅ ሻወር ላይ ሳሙና ተቀብቶ ነበርና «ውሃው ሄደ!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ደግሞ ዝም አለ። ቀጥኖ ነበር እንጂ አልተቋረጠም፤ በማለፊያዋ እየወረደ ነበር።

ባለ 24 ሊትሩን ታንክ ትናንት ጎሚስታ ጋ ወስጄ አስለካሁት፤ አዲስ ቢሆንም 0.6 ብቻ ነበር፤ 1.2 አስሞላሁት። ልጁ የጎማ ሒሳብ አስከፈለኝ።